ጣሪያው ከፍ ከመደረጉ በፊት የሞላው ክፍል ይታወቅ፦ ስለ ኢሜይል ሰርቨርና ስለ ፋይል ዲስክሪፕተር ለተጻፈ ምክር የተሰጠ ምላሽ

የኢሜይል ሰርቨራቸው ሎግ ላይ «ቱ ሜኒ ኦፕን ፋይልስ» (የተከፈቱ ፋይሎች በዝተዋል) የሚል መስመር ላገኙ የሲስተም አስተዳዳሪዎች መፍትሔ አለኝ የሚል አንድ ጽሑፍ አንብበናል። ፍሬ ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ የገደቦች ፋይሉ «ሊሚትስ.ኮንፍ» ውስጥ ለሁሉም ተጠቃሚ (በኮከብ ምልክት *) 2,000,000 ብለህ ጻፍና ማሽኑን ሪቡት አድርግ፤ ሼል ላይ «ዩሊሚት -ኤን» ብለህ አረጋግጥ፤ የተከፈቱትን ፋይሎች በ«ኤልኤስኦፍ» ቁጠር፤ ካልበቃ የከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) «ፋይል-ማክስ» ከፍ አድርግ፤ አሁንም ካልበቃ ሰርቪሱን ወሰን የለሽ አድርገው፣ ማብዛት አይጎዳም፤ ይህም ካልሠራ ሌሊት ሌሊት ሰርቪሱን ሪስታርት የሚያደርግ ክሮን (በሰዓቱ በራሱ የሚነሳ ትእዛዝ) አስገባ። በመሃል ደግሞ ተጠቃሚ መግባት ካቃተው ምክንያቱ ይኸው ጣሪያ መሆኑን፣ ጣሪያው በሞላበት ሰዓት የተላከ ኢሜይልም ጠፍቶ መቅረቱን እንደተረጋገጠ ነገር ይናገራል።

ጸሐፊው የበሽታውን ስም አልሳቱም፤ የሳቱት ሕመሙ ያለበትን ቦታ ነው። ፋይል ዲስክሪፕተር አንድ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ለከፈተው ለእያንዳንዱ ፋይል ወይም ሶኬት (የኔትወርክ መገናኛ) የሚያገኘው ቁጥር ነው። ጣሪያው ለማሽኑ ወይም ለተጠቃሚው በጅምላ የሚሰጥ ራሽን አይደለም፤ እያንዳንዱ ፕሮሰስ ለብቻው የሚሸከመው ቁጥር ነው። ኢሜይል ሰርቨር የምንለው ነገር ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ ፕሮሰስ አይደለም። ኢሜይል የሚቀበለውና የሚልከው ፖስትፊክስም፣ ተጠቃሚው ሳጥኑን በአይማፕ ወይም በፖፕ3 የሚከፍትበት ዶቭኮትም ሥራውን በደርዘን በሚቆጠሩ ትንንሽ ፕሮሰሶች ይከፋፍሉታል፤ አብዛኞቹ 20 ወይም 30 ዲስክሪፕተር ይዘው ሲኖሩ አንድ ሁለቱ ብቻ በሺህ የሚቆጠር ይይዛሉ። ስለዚህ ስንት ላድርገው ከማለት በፊት የቱ ፕሮሰስ ሞላ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ነጥቦቹን በጽሑፉ ቅደም ተከተል እናንሳቸው። የትእዛዝና የፋይል ስሞችን በአነባበባቸው አስቀምጠናል።

«ሊሚትስ.ኮንፍ ላይ ጻፍና ሪቡት አድርግ»

ይህ ፋይል የሚነበበው የፓም (የመግቢያ ፈቃድ ሥርዓቱ) ክፍል በሆነው «ፓም_ሊሚትስ» በሚባለው ሞጁል ነው። ሞጁሉ የሚነሳው ሰው ሲገባ ነው፦ በኤስኤስኤች፣ በኮንሶል ሎጊን፣ በ«ኤስዩ» እና በመሳሰሉት። ሲስተምዲ (ማሽኑ ሲነሳ ሰርቪሶችን የሚያስነሳው) የሚያስነሳው ሰርቪስ ግን ማንም ሳይገባ ነው የሚነሳው፤ ዩኒት ፋይሉ (የሰርቪሱ የአነሳስ መመሪያ) ውስጥ ሆን ተብሎ ካልተጠየቀ በቀር በፓም በኩል አያልፍም። ጸሐፊው እንዳሉት አድርጋችሁ፣ ማሽኑን ሪቡት አድርጋችሁ ብትመጡ ዶቭኮት በዚያው በ1024 ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ምክሩ የሚሠራው ሰርቨሩ ከሼል ላይ በእጅ ለሚነሳበት ቦታ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ዛሬ ከመፈተሻ ማሽን ውጭ ብዙም አይታይም።

አለመሥራቱ ብቻ ቢሆን ባላስቸገረ። አንድ ፕሮሰስ ሊኖረው የሚችለው ከፍተኛ ቁጥር በከርነሉ «ኤፍኤስ.ኤንአር_ኦፕን» የተወሰነ ነው፤ የከርነሉ የራሱ መነሻ 1,048,576 ነው። በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ 2,000,000 ብሎ መጻፍ ማለት ፓም ሊፈጽመው የማይችለውን ማዘዝ ነው፤ ከርነሉ ጥያቄውን ይመልሰዋል፣ ሞጁሉም ጣሪያውን ማስቀመጥ ስላልቻለ መግቢያውን ራሱን ይከለክላል። በደቢያንና በኡቡንቱ የኮከብ ምልክቱ ሩትን (ዋናውን አስተዳዳሪ) አይነካም፤ ነገር ግን እንደ ደንቡ የሩት ኤስኤስኤች መግቢያ የተዘጋ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ በር ላይ ቆማችሁ ትቀራላችሁ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው፤ የኢሜይሉ ሰርቨር እንደታመመ ነው፣ ሐኪሙም ውጭ ቀርቷል። ቀድሞውኑ እንደዚያ ጽፋችሁ ከሆነ፣ አሁን የተከፈተውን ሴሽን ሳትዘጉ በሌላ መስኮት ለመግባት ሞክሩ።

ትክክለኛው ቦታ የሰርቪሱ ዩኒት ነው። «ሲስተምሲቲኤል ኤዲት ዶቭኮት» ስትሉ ማስተካከያው የሚጻፍበት ገጽ ይከፈታል። ሁለት መስመር ይበቃል፦ መጀመሪያ «[ሰርቪስ]»፣ ቀጥሎ «ሊሚትኖፋይል=8192:65536»። ከሁለት ነጥቡ በፊት ያለው ሶፍት ሊሚት ነው፣ ማለትም አሁን የሚሠራበት ጣሪያ፤ ከሁለት ነጥቡ በኋላ ያለው ሃርድ ሊሚት ነው፣ ማለትም ፕሮሰሱ ልዩ ፈቃድ ሳይኖረው ራሱን ሊያሳድግ የሚችልበት ዳርቻ። አንድ ቁጥር ብቻ ከጻፋችሁ ሁለቱም እኩል ይሆናሉ። ፋይሉን በዚህ ትእዛዝ ሳይሆን በእጃችሁ ከፈጠራችሁት «ሲስተምሲቲኤል ዴመን-ሪሎድ» አትርሱ። ከዚያ ሰርቪሱን ሪስታርት አድርጉ። ሪሎድ አይበቃም፤ ሪሎድ ለነባሩ ዋና ፕሮሰስ «ኮንፊግህን አንብብ» የሚል ምልክት ይልክለታል እንጂ ሲወለድ የተሰጠውን ጣሪያ አይለውጥለትም።

ፖስትፊክስ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በደቢያን 12 እና በኡቡንቱ 22.04 «ፖስትፊክስ.ሰርቪስ» የሚባለው ዩኒት ስም ብቻ ነው፤ ምንም የማይሠራውን «/ቢን/ትሩ» የተባለ ፕሮግራም አስነስቶ ይመለሳል። እውነተኛውን ማስተር ፕሮሰስ የሚያስነሳው «ፖስትፊክስ@-.ሰርቪስ» ነው፤ ከ«@» ምልክቱ በኋላ ሰረዝ ያለበት። ጣሪያውን በመጀመሪያው ላይ ጽፎ «አልሠራም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያጠፋል፤ ሲስተምዲም ስህተት አለ አይልም፣ ምክንያቱም ያዘዛችሁትን ፈጽሟል፤ ለ«ትሩ» 65536 ፋይል የመክፈት መብት ሰጥቷል።

«ሼል ላይ ዩሊሚት -ኤን ብለህ አረጋግጥ»

ይህ ትእዛዝ የሚነግራችሁ የሼሉን የራሱን ጣሪያ ነው። የሼላችሁ ቁጥር ስለ ዶቭኮት የሚናገረው ነገር የለም፤ ሁለቱ ከተለያየ ወላጅ የተወለዱ ፕሮሰሶች ናቸው። «ሱዶ ዩሊሚት» ብሎ መሞከር ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፤ «ዩሊሚት» የሼሉ አብሮ አደግ ትእዛዝ እንጂ ሱዶ ፈልጎ የሚያስነሳው ፕሮግራም አይደለም።

ለጸሐፊው መፍረድ ካለብን ግን ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ አይደለም። ዶቭኮት ራሱ ሲነሳ የሚጽፈው ማስጠንቀቂያ «የኤፍዲ ሊሚት በከፍተኛ ጭነት ጊዜ ከሚያስፈልገው ያነሰ ነው» ካለ በኋላ በቅንፍ «ዩሊሚት -ኤን» የሚል ይጨምርበታል። ያን ያነበበ ሰው ሼል ከፍቶ ቢተይብ አይገርምም።

ማረጋገጫው ያለው ከርነሉ ስለ ፕሮሰሱ በሚናገርበት ቦታ ነው። «ሲስተምሲቲኤል ሾው -ፒ ሜይንፒአይዲ ዶቭኮት» ብላችሁ የዋናውን ፕሮሰስ ቁጥር ያዙ፤ 1847 ነው እንበል። ከዚያ «/ፕሮክ/1847/ሊሚትስ» የሚለውን ፋይል አንብቡ። ከመስመሮቹ አንዱ እንዲህ ይላል፦

ማክስ ኦፕን ፋይልስ   1024   524288   ፋይልስ

መጀመሪያ ያለው ሶፍት፣ ሁለተኛው ሃርድ ነው። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ከየት እንደመጡ ማወቅ ጠቃሚ ነው። በ2018 የወጣው ሲስተምዲ 240 የሃርድ ሊሚቱን መነሻ ወደ 524,288 ከፍ አድርጎ ሶፍቱን በ1024 ተወው። የተወው ረስቶት አይደለም። ብዙ ዲስክሪፕተሮችን በአንድ ጊዜ ለመጠበቅ «ሴሌክት» የሚባለውን የድሮ ጥሪ የሚጠቀም ፕሮግራም ቁጥሩ 1024 እና ከዚያ በላይ የሆነ ዲስክሪፕተር ሲያገኝ ከተመደበለት ቢትማፕ ውጭ ይጽፋል፤ ሜሞሪው ይበላሻል ወይም ፕሮግራሙ ይወድቃል። ስለዚህ የሲስተምዲ አቋም «ከ1024 በላይ መያዝ የምትችል ፕሮግራም ራስህን አሳድግ» የሚል ነው። ከዚያ በፊት ባሉ ሲስተሞች፣ ለምሳሌ ሲስተምዲ 219 ባለው ሴንትኦኤስ 7፣ ሃርዱ 4096 ብቻ ነው።

የጽሑፉ ጸሐፊ ሁለቱን ሶፍትዌሮች በአንድ ላይ የጠቀለሉት ይህን ሳያስተውሉ ነው። ፖስትፊክስ ራሱን ያሳድጋል፦ ፕሮሰሶቹ ሲነሱ ሶፍቱን እስከ ሃርዱ ድረስ ይገፉታል፣ ከ2.4 ጀምሮም ሊኑክስ ላይ ሴሌክትን ትቶ አዲሱን ኢፖል ስለሚጠቀም 1024 አያስፈራውም። ዶቭኮት ግን በተሰጠው ሶፍት ሊሚት ይሠራል። በአንድ ማሽን ላይ፣ በአንድ ዓይነት ቅንብር፣ ፖስትፊክስ ምንም ሳይል ዶቭኮት የሚያቃስተው ለዚህ ነው። በአዲስ ሲስተም ላይ ፖስትፊክስ «ቱ ሜኒ ኦፕን ፋይልስ» ካለ እኛ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ሃርዱን ዝቅ ያደረገ ሰው ወይም ኮንቴይነር ነው።

ሪስታርት ማድረግ በማይቻልበት ሰዓት «ፒአርሊሚት --ፒአይዲ 1847 --ኖፋይል=8192:65536» በሚሠራው ፕሮሰስ ላይ ጣሪያውን ይለውጣል። ለጊዜው ነው። ከዚያ በኋላ ከዚህ ፕሮሰስ የሚወለዱ ልጆች አዲሱን ይወርሳሉ፤ ቀድመው የተወለዱት አይወርሱም፣ ስለዚህ የሞላው ልጁ ከሆነ ትእዛዙን በልጁ ቁጥር ስጡ።

«በኤልኤስኦፍ ቁጠር»

የኤልኤስኦፍን መስመር መቁጠር የተከፈቱ ዲስክሪፕተሮችን መቁጠር አይደለም። ዝርዝሩ ውስጥ ፕሮሰሱ ያለበት ዳይሬክተሪ፣ የፕሮግራሙ ፋይል ራሱ፣ ወደ ሜሞሪ የተጫኑ ላይብረሪዎች ሁሉ አሉበት፤ እነዚህ ከጣሪያው ላይ የሚቀነሱ አይደሉም። የማሽኑን ድምር አውጥቶ «ከ1024 በላይ ነው» ማለት ደግሞ ጣሪያው የእያንዳንዱ ፕሮሰስ መሆኑን መርሳት ነው። ከ/ፕሮክ ስር የፕሮሰሱ ቁጥር፣ ከእሱ ስር «ኤፍዲ» የሚል ዳይሬክተሪ አለ፤ «ኤልኤስ» ብላችሁ ወደ «ደብሊውሲ -ኤል» ብታስተላልፉት ልኩን ታገኛላችሁ። ይህን ለሁሉም የዶቭኮትና የፖስትፊክስ ፕሮሰሶች በሉፕ አስኬዱና ከትልቁ ወደ ትንሹ አሰልፉት።

ከላይ የሚወጣው ማን ይሆን? ጸሐፊው ኢሜይል የሚቀበለው «ኤስኤምቲፒዲ» ይሆናል ብለው የገመቱ ይመስላል። አይደለም። አንድ ኤስኤምቲፒዲ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው አንድ ኮኔክሽን ብቻ ነው፤ የሚይዘውም የዚያን ሶኬት፣ የሎጉን፣ የጥቂት ሰንጠረዦችን፣ የውስጥ መገናኛዎችን ነው። ሺህ ኤስኤምቲፒዲ ቢኖር እያንዳንዱ ጣሪያውን ከሩቅ ነው የሚያየው። የሚጨናነቁት ሁሉም የሚመጣባቸው ማዕከሎች ናቸው። ፖስትፊክስ ላይ «አንቪል» የኮኔክሽን ብዛት የሚቆጥር አንድ ፕሮሰስ ነው፤ እያንዳንዱ ኤስኤምቲፒዲ ወደ እሱ አንድ መስመር ይከፍታል። «ፕሮክሲማፕ»፣ «ትሪቪያል-ሪራይት»፣ ቲኤልኤስ (የመስመር ምስጠራ) ሲኖር «ቲኤልኤስኤምጂአር» ተመሳሳይ ናቸው። «ዲፎልት_ፕሮሰስ_ሊሚት» ከመነሻው 100 ወደ 3000 ከተነሳ አንቪል 3000 ደንበኛ እንዲችል መዘጋጀት አለበት፤ 4096 ሃርድ ባለው የድሮ ማሽን ላይ የቀረው ቦታ ያን ያህል አይደለም።

ጣሪያውን ሳይነኩ ዲስክሪፕተር መቆጠብም ይቻላል። የተጠቃሚ ሰንጠረዦች ማይኤስኪውኤል ውስጥ ካሉና እያንዳንዱ ኤስኤምቲፒዲ በራሱ የሚከፍታቸው ከሆነ፣ የዳታቤዙ ኮኔክሽን ብዛት የፕሮሰሱ ብዛት በሰንጠረዡ ብዛት ሲባዛ ነው፤ 200 ፕሮሰስና 5 ሰንጠረዥ 1000 ያወጣሉ። ከሰንጠረዡ ዓይነት ፊት «ፕሮክሲ፦» ሲቀደም ጥያቄዎቹ በፕሮክሲማፕ በኩል ይሰበሰባሉ። እንዲያውም በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚጮኸው የዳታቤዝ ሰርቨሩ ነው፣ ኢሜይሉ አይደለም።

ዶቭኮት ላይ ማዕከሎቹ የይለፍ ቃል የሚፈትሸው «ኦውዝ» እና «አንቪል» ናቸው፤ ከፖስትፊክሱ አንቪል ጋር ስም ብቻ ነው የሚጋሩት። በተለመደው አሠራር አንድ «አይማፕ-ሎጊን» ፕሮሰስ አንድ ደንበኛ ያስተናግዳል፤ የእነዚህ ፕሮሰሶች ብዛት ሲጨምር ወደ ኦውዝ የሚከፈተው መስመርም እኩል ይጨምራል። ስለዚህ ሦስት ቁጥሮች አብረው መሄድ አለባቸው፦ የአይማፕ-ሎጊን «ፕሮሰስ_ሊሚት»፣ የኦውዝና የአንቪል «ክላይንት_ሊሚት»፣ እና የዩኒቱ ሊሚትኖፋይል። የመጀመሪያውን ወደ 2000 አድርጋችሁ ሁለተኛውን በመነሻው 1000 ከተዋችሁት ዶቭኮት ሲነሳ ራሱ ይነግራችኋል፤ «ሰርቪስ ኦውዝ ክላይንት_ሊሚት=1000 ከሚያስፈልገው ያነሰ ነው» ብሎ የሚያስፈልገውን ቁጥር ጭምር ይጽፋል። ያን ቁጥር ውሰዱ፣ አትገምቱ። የፖፕ3 ሎጊንም ካለ የእሱም ይደመራል። ሊሚትኖፋይል ከትልቁ ክላይንት_ሊሚት በላይ፣ ጥቂት መቶ ትርፍ ኖሮት ይቀመጥ።

በሌላው አሠራር፣ በዶቭኮት 2.3 ቅንብር «ሰርቪስ_ካውንት=0» ተብሎ ጥቂት የሎጊን ፕሮሰሶች ብዙ ደንበኛ ሲሸከሙ፣ ሒሳቡ ይለወጣል። ደንበኛው በቲኤልኤስ ሲገባ ምስጠራውን የሚፈታው የሎጊን ፕሮሰሱ ነው፤ ሰውየው እስኪወጣ ድረስ በአንድ በኩል የደንበኛውን ሶኬት፣ በሌላ በኩል ወደ አይማፕ ፕሮሰሱ የሚሄደውን ይዞ ይቆያል። ለአንድ ደንበኛ ሁለት ዲስክሪፕተር ማለት ነው። ክላይንት_ሊሚት 3000 ከሆነ 6000 እና ትንሽ ትርፍ ያስፈልጋል፤ 8192 ይበቃል፣ 4096 አይበቃም።

«ካልበቃ ፋይል-ማክስን ከፍ አድርግ»

ሁለት የተለያዩ ስህተቶች አሉ። ቁጥር 24 «ቱ ሜኒ ኦፕን ፋይልስ» ይላል፤ የፕሮሰሱ ጣሪያ ሞልቷል ማለት ነው። ቁጥር 23 «ቱ ሜኒ ኦፕን ፋይልስ ኢን ሲስተም» ይላል፤ የማሽኑ ሰንጠረዥ ሞልቷል ማለት ነው። «ፋይል-ማክስ» የሚመለከተው ሁለተኛውን ብቻ ነው። 24ን ለማከም እሱን ማሳደግ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ጥርጣሬ ካለ «/ፕሮክ/ሲስ/ኤፍኤስ/ፋይል-ኤንአር» ሦስት ቁጥር ይሰጣል፦ አሁን የተመደበው፣ ዛሬ ሁልጊዜ 0 የሆነው፣ እና ጣሪያው። የመጀመሪያው ከሦስተኛው አጠገብ እስካልደረሰ ድረስ ይህን ቁጥር ተዉት።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳው ሦስተኛ ጉዳይ አለ፤ በሥራ ላይ ባሉ የአይማፕ ሰርቨሮች ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የሚያደናግረው ይኸው ነው። ስህተት 24 ከዲስክሪፕተር ጣሪያ ጋር ምንም ሳይገናኝም ሊመጣ ይችላል። «ኢኖቲፋይ» የሚባለውን የፋይል ለውጥ ጠቋሚ የሚከፍተው ጥሪ፣ የተጠቃሚው የኢኖቲፋይ ኮታ ሲያልቅ የሚመልሰው ያንኑ 24ን ነው፤ የሚታተመውም ጽሑፍ ያው «ቱ ሜኒ ኦፕን ፋይልስ» ነው። ኮታው «ማክስ_ዩዘር_ኢንስታንስስ» ይባላል፣ መነሻውም 128 ነው፤ የሚቆጠረው ደግሞ በፕሮሰስ ሳይሆን በዩአይዲ (በሲስተሙ የተጠቃሚ መለያ ቁጥር) ነው። አሁን አንድ የተለመደ ቅንብር አስቡ፦ የሁሉም ሰው ሳጥን «ቪሜይል» በሚባል አንድ ዩአይዲ ስር ነው። ስልኩ ላይ ኢሜይል ከፍቶ አዲስ መልእክት የሚጠብቅ እያንዳንዱ ሰው በአይድል (መስመሩን ከፍቶ በመጠበቅ) ላይ ያለ አንድ አይማፕ ፕሮሰስ አለው፣ ያ ፕሮሰስ አንድ ኢኖቲፋይ ይይዛል። 129ኛው ሰው ሲመጣ ኮታው አልቋል። ሊሚትኖፋይልን ሚሊዮን ብታደርጉት አይለወጥም።

ዶቭኮት በዚህ አይወድቅም። «የኢኖቲፋይ ኢንስታንስ ሊሚት አልፏል፣ አጥፍቼዋለሁ» የሚል ማስጠንቀቂያ ጽፎ ሳጥኑን በየጊዜው እየፈተሸ መሥራቱን ይቀጥላል፤ መነሻው 30 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ቅሬታው «መግባት አቃተኝ» ሆኖ አይመጣም፤ «አዲስ ኢሜይል ዘግይቶ ይታየኛል፣ የጓደኛዬ ግን ወዲያው ይመጣል» ሆኖ ነው የሚመጣው። ሕክምናው «/ኢቲሲ/ሲስሲቲኤል.ዲ» ውስጥ «ኤፍኤስ.ኢኖቲፋይ.ማክስ_ዩዘር_ኢንስታንስስ» ከተባለው ቀጥሎ በአንድ ጊዜ ከሚገናኙት ሰዎች የሚበልጥ ቁጥር መጻፍና «ሲስሲቲኤል --ሲስተም» ማለት ነው። የሰርቪስ ሪስታርት አያስፈልግም፤ አዲስ የሚገቡት ያገኙታል።

«ተጠቃሚ መግባት ካቃተው ምክንያቱ ይኸው ነው»

ሎጉን ሳያዩ እንዲህ ማለት አይቻልም። ዶቭኮት «ሰርቪስ አይማፕ-ሎጊን፦ ፕሮሰስ_ሊሚት (100) ሪችድ» ካለ ያለቀው የፕሮሰስ ብዛት ነው፤ ቲኤልኤስ ካለ ሎጊን ፕሮሰሱ ሰውየው እስኪወጣ ስለሚቆይ መቶው ቶሎ ያልቃል። «ማክሲመም ነምበር ኦፍ ኮኔክሽንስ ፍሮም ዩዘር+አይፒ» ካለ ደግሞ አንድ ሰው ከአንድ አድራሻ ከ10 በላይ ከፍቷል ማለት ነው። ሁለቱም ከፋይል ዲስክሪፕተር ጋር አይገናኙም፣ ከውጭ ሲታዩ ግን አንድ ናቸው፦ ደንበኛው አልገባም።

ዲስክሪፕተር በእውነት ሲያልቅ የሚታየው ሌላ ነው። አንዱ ምልክት ሲፒዩ ነው። በር ላይ የሚጠብቀው ሶኬት አዲስ እንግዳ እንዳለ ይናገራል፣ ፕሮሰሱ ሊቀበል ይሞክራል፣ 24 ይመለስለታል፣ እንግዳው ግን አሁንም በር ላይ ስለሆነ ሶኬቱ ወዲያው እንደገና ይጣራል። ይህን ያላሰበ ፕሮግራም በዚያ ዙሪያ እየተሽከረከረ አንድ ኮር ሙሉ ይበላል፣ ሎጉም በአንድ ዓይነት መስመር ይሞላል።

ሌላው ምልክት የኤስኤምቲፒ ዝምታ ነው። ኮኔክሽኑን ከርነሉ ተቀብሎ ወረፋ ላይ ስላስቀመጠው ላኪው «ተገናኝቻለሁ» ብሎ ያምናል፤ 220 የሚለው የሰላምታ መስመር ግን አይመጣም። በደንቡ ላኪው ለዚያ መስመር 5 ደቂቃ ይጠብቃል፣ ከዚያ ዘግቶ ኢሜይሉን ወረፋው ላይ መልሶ ቆይቶ ይሞክራል። ፖስትፊክስ በመነሻው 5 ቀን ይሞክራል። «በዚያ ሰዓት የመጣ ኢሜይል ጠፍቷል» የሚለው አባባል እንግዲህ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ዘግይቷል እንጂ አልጠፋም።

«ወሰን የለሽ አድርገው፣ ማብዛት አይጎዳም»

ይጎዳል። «ሊሚትኖፋይል=ኢንፊኒቲ» ማለት በተግባር የኤንአር_ኦፕንን ያህል ማለት ነው፤ አንዳንድ ሲስተም ላይ ደግሞ ይህ ቁጥር 1,073,741,816 ሆኖ ይገኛል። ብዙ የቆዩ ፕሮግራሞች ልጅ ፕሮሰስ ሲወልዱ ወይም ወደ ጀርባ ሲሄዱ «ከወላጅ የወረስኩትን ሁሉ ልዝጋ» ብለው ከ3 ጀምረው እስከ ጣሪያው ድረስ እያንዳንዱን ቁጥር ይዘጋሉ፤ የተከፈተም ይሁን ያልተከፈተ። አንዱ ጥሪ 100 ናኖሰከንድ ቢፈጅ ቢሊዮኑ ከ100 ሰከንድ በላይ ነው። አንድ ትንሽ የፖሊሲ ዴመን (ከጀርባ የሚሠራ የኢሜይል ደንብ ፈታሽ) ሲነሳ ሁለት ደቂቃ ሲፒዩ 100 ከመቶ ይዞ ዝም ሲል «ተሰቀለ» ብለው የሚገድሉት አሉ፤ ምስኪኑ እየቆጠረ ነው። በጣሪያው ልክ ሰንጠረዥ አስቀድመው የሚመድቡም አሉ፤ ለአንድ ዲስክሪፕተር 8 ባይት ብቻ ቢመድቡ እንኳ 8 ጊጋባይት ይሆናል። ሊኑክስ 5.9 በክልል የሚዘጋ ጥሪ አምጥቷል፣ ፕሮግራሙ ካልተጠቀመበት ግን ለውጥ የለውም።

ሴሌክትንም አትርሱ። ከፖስትፊክስ ጋር የሚሠሩ ሚልተሮች (የኢሜይል ማጣሪያ ፕሮግራሞች) የሚገነቡበት ላይብረሪ በፖል ወይም በሴሌክት ሊገነባ ይችላል፤ በሴሌክት የተገነባውን ሶፍት ሊሚት ወደ 65536 ማሳደግ፣ በ1024 ላይ በጨዋ ስህተት ይመለስ የነበረውን ችግር ወደ ድንገተኛ መውደቅ መለወጥ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰርቪስ 1024 ይቆይለት፤ ጭነቱ ከበዛ ቁጥሩ ሳይሆን ፕሮግራሙ ይለወጥ። ለማሽኑ ሁሉ በአንድ ቦታ መነሻ መስጠትን የማንመክረውም ለዚህ ነው፤ ሰርቪሶቹ አንድ ዓይነት አይደሉም።

«ሌሊት ሌሊት ሪስታርት አድርግ»

ከጽሑፉ ውስጥ ይበልጥ የምንቃወመው ይህን ነው። ቁጥሩ ከጭነት ጋር የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ ጣሪያው አንሷል፤ አሳድጉትና ጨርሱ። ሰው በማይኖርበት ሰዓት የማይወርድ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ ግን የተከፈተውን የማይዘጋ ፕሮግራም አለ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ይህን በሪስታርት መሸፈን ቀኑን ማራዘም ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሪስታርቱ ራሱ ዋጋ አለው፦ በአይድል የነበሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ተመልሰው ይመጣሉ፣ ኦውዝ በሰከንዶች ውስጥ የሁሉንም የይለፍ ቃል ይፈትሻል፣ ፕሮሰስ_ሊሚት ጠባብ ከሆነም እዚያ ላይ ይሞላል።

የሚያንጠባጥበውን ለመያዝ «ኤልኤስ -ኤል» ብላችሁ የዚያን ፕሮሰስ ኤፍዲ ዳይሬክተሪ ተመልከቱ። እያንዳንዱ ቁጥር ወዴት እንደሚያመለክት ይታያል፦ «ሶኬት፦»፣ «ፓይፕ፦»፣ «አኖን_አይኖድ፦ኢኖቲፋይ»፣ ወይም የፋይል መንገድ። በመቶ የሚቆጠሩ ከጎናቸው «ዲሊትድ» የሚል ያለባቸው ፋይሎች ካሉ ፕሮግራሙ የተሰረዘ ጊዜያዊ ፋይል ወይም የተሽከረከረ ሎግ ይዞ ቀርቷል። አብዛኛው ሶኬት ከሆነ «ኤስኤስ -ቲኤንፒ ስቴት ክሎዝ-ዌይት» በሉ። ክሎዝ-ዌይት ማለት ወዲያኛው ወገን ዘግቶ ሄዷል፣ የእኛው ፕሮግራም ግን አልዘጋም ማለት ነው፤ እየበዛ የሚሄድ ክሎዝ-ዌይት የሚያንጠባጥብ ሚልተር ወይም የፖሊሲ ዴመን የተለመደ ምልክት ነው። ታይም-ዌይትን ግን አትቁጠሩ፤ እነዚያ ከርነሉ ብቻ የሚያስታውሳቸው የተዘጉ ኮኔክሽኖች ናቸው፣ ዲስክሪፕተር አይይዙም።

የኤፍዲውን ዝርዝርና የኤስኤስን ውጤት ወደ ፋይል ጻፉና በግማሽ ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ውሰዱ፤ በሁለቱም ላይ በዚያው ቁጥር፣ በዚያው ሶኬት የተቀመጡት ናቸው የሚፈለጉት። ይህ ሁሉ መደረግ ያለበት ሰርቪሱ ሪስታርት ከመደረጉ በፊት ነው፤ ፕሮሰሱ ከሞተ በኋላ በ/ፕሮክ ውስጥ ስለ እሱ የሚነበብ ነገር አይቀርም።